አምስት የፒክስል ዓምድ የበላው የሦስት ሳምንት እንቅልፍ

#1 ድብቅ ቢት

ሰላም ለዚህ ቤት። የምርምር ሥራዬ ዲጂታል ዋተርማርክ ላይ ነው። ምስል ውስጥ የማይታይ ምልክት አስገባለሁ። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ፍዳውን ካየ በኋላ ምልክቱን መልሼ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለተሸወድኩበት ነገር ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ምስሉን ልክ እንደ ጄፔግ በ8 በ8 ፒክስል ብሎኮች እከፋፍለዋለሁ። እያንዳንዱን ብሎክ በዲሲቲ (ብሎኩን በዝግታና በፍጥነት የሚለዋወጡ ሞገዶች ድምር አድርጎ በሚገልጽ ሒሳብ) ወደ ፍሪኩዌንሲ እቀይራለሁ። መሃል አካባቢ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች በትንሽ በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ አደርጋለሁ። የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል የሚወስነው ከሚስጥር ቁልፍ የሚወጣ የ+1 እና የ−1 ሰልፍ ነው። ስፈልገው ያንኑ ሰልፍ ከቁልፉ አውጥቼ ከምስሉ ጋር አንድ በአንድ አባዛለሁ፣ እደምራለሁ። ምልክቱ ካለ ድምሩ ይገዝፋል። ከሌለ ፕላሱና ማይነሱ ይጠፋፉና ድምሩ ዜሮ አካባቢ ይቀራል።

በጄፔግ ጥራቱን 50 አድርጌ ጨመቅኩት፤ ቻለው። ኖይዝ ጨመርኩበት፤ ቻለው። ብርሃኑን ቀየርኩት፤ አሁንም ቻለው። ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ላክሁና "እስቲ መልሰህ ላክልኝ" አልኩት። ላከልኝ። ዲቴክተሩ ምንም የለም አለ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጭመቁን ስረግም ከረምኩ። ኮዱን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩ። አንድ ሌሊት ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቼ የግራ ጠርዛቸውን አጉልቼ አየሁ። የእኔው ምስል በቀጭን ጥቁር መስመር ይጀምራል። እሱ የላከው ላይ መስመሩ የለም። አምስት የፒክስል ዓምድ ጎድሏል። በዚያ ሰዓት ደወልኩለት። "እ... እሷ ጥቁር መስመር ደስ ስላላለችኝ ቆረጥኳት" አይለኝም!

አምስት ዓምድ ሲቆረጥ ብሎኮቹ በሙሉ ይንሸራተታሉ። ሰልፌ አንዱን ብሎክ ሲጠይቅ ከግማሽ በላዩን መልስ የሚሰጠው ጎረቤቱ ነው። ግራው ላይ አምስት ባዶ ዓምድ መልሼ ስጨምር ድምሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ምልክቱማ እዚያው ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሲንክሮናይዜሽኑን፣ ማለትም ሰልፉን ከተንሸራተተው ምስል ጋር መልሶ ማገጣጠሙን፣ እናንተ እንዴት ፈታችሁት? ኦሪጅናሉ በእጄ ሳይኖር ማለቴ ነው። በሙያው የሌላችሁም ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

#2 የሌሊት ወፍ

ወንድሜ፣ ዋተርማርክ ማለት ፎቶ ላይ በሰያፍ የሚለጠፈው ስም አይደለም እንዴ? የማይታይ ከሆነ ለማን ይጠቅማል? የሚያሰጋህ ነገር ካለ ደግሞ ኢንክሪፕት አድርገህ አትገላገልም?

#3 ድብቅ ቢት

እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህስ አይደለሁም :)

የምትለው የሚታየውን ዓይነት ነው። እሱ ያስፈራራል፣ ግን ምስሉን ያበላሻል፣ ጎበዝ ሰው ደግሞ ይፍቀዋል። የማይታየው ግን ዘመድነቱ ከወረቀት ዋተርማርክ ጋር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጣሊያኗ ፋብሪያኖ ወረቀት ሠሪዎች የታጠፈ ሽቦ ወንፊታቸው ላይ ያስሩ ነበር። ሽቦው ያረፈበት ቦታ ወረቀቱ ይሳሳል። ሲጽፉበት አይታይም፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ይታያል። የእኔ "ብርሃን" ቁልፉ ነው።

ኢንክሪፕሽኑን በተመለከተ፦ እሱ የሚጠብቅህ መንገድ ላይ ነው። ተቀባዩ ከከፈተው በኋላ ፋይሉ ራቁቱን ነው። ስክሪንሾት ቢያነሳው፣ ስክሪኑን በሌላ ስልክ ቢቀዳው ኢንክሪፕሽኑ ምንም አያውቅም። የዋተርማርክ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

#4 ቅኔ ቆጣሪ

ታዲያ ይሄ የኛው ሰምና ወርቅ አይደል? ላዩን ሌላ፣ ውስጡን ሌላ። ስም ቀይራችሁለት ነው እንጂ።

#5 ድብቅ ቢት

ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ይገለበጣል። በቅኔ ሰሙ መሸፈኛ ነው፣ ሰው የሚፈልገው ወርቁን ነው። ስቴጋኖግራፊ የሚባለው ልክ እንደዚያ ነው። የተላከው የድመት ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ድመቷ ለማንም ግድ አትሰጥም፣ ቁም ነገሩ ውስጧ ያለው መልእክት ነው። ጉስታቨስ ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1983 "የእስረኞች ችግር" ብሎ ያቀረበው ይህንኑ ነው። ሁለት እስረኞች በጠባቂው በኩል ደብዳቤ እየተላላኩ ማምለጫ ያቅዳሉ። ጠባቂው መልእክት መኖሩን ከጠረጠረ አበቃ።

በዋተርማርክ ግን ውዱ ነገር ሰሙ ነው። ፎቶው፣ ዘፈኑ፣ ፊልሙ። ወርቁ "ይህ ሰም የእገሌ ነው" ከማለት ያለፈ ፋይዳ የለውም። ምልክት መኖሩን ሁሉም ቢያውቅ ችግር የለም። ችግሩ መንቀል ከቻሉ ነው። ስለዚህ የስቴጋኖግራፊ ጠላት የሚያይ ሰው ነው፣ የእኔ ጠላት ደግሞ የሚያበላሽ ሰው። ጓደኛዬን ጨምሮ።

#6 አሮጌ ሲግናል

ልጄ፣ አይዞሽ። ሁላችንም ከዚህ ጉድጓድ ወድቀን ወጥተናል። እኔን የበላኝ ስካነር ነበር። አትሞ ስካን የተደረገ ገጽ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይዞራል፣ ዓይን አያየውም፣ ዲቴክተር ግን ይሞታል።

ይህ ነገር ኮምፒውተር የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሙዛክ ኩባንያው ኤሚል ሄምብሩክ ሙዚቃ ውስጥ መለያ ኮድ የመደበቅ ፓተንት አመልክቶ ነበር። 1 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ጠባብ ማጣሪያ እያስገባና እያወጣ እንደ ሞርስ ኮድ ይጽፍበታል። አድማጩ አይሰማውም። የተጫወተው ቀረጻ የማን እንደሆነ ግን ይለያል።

አንቺ የምትሠሪበት የሰልፍ ዘዴ ደግሞ ከወታደራዊ ሬዲዮ የመጣ ነው። ስፕሬድ ስፔክትረም ይባላል። ሲግናሉን በሰፊ ባንድ ላይ እንደ ቅቤ... ተዉት፣ በስሱ ታሰራጪዋለሽ። በአንድ ቦታ ብታዪው ከኖይዝ አይለይም። ቁልፉ ያለው ሰው ግን ይሰበስበዋል። የፍሪኩዌንሲ መዝለሉን ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1942 ፓተንት ካስመዘገቡት አንዷ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር መሆኗን ስናገር ተማሪዎቼ አያምኑኝም። አብሯት የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ አንታይል ነው፤ ዝላዩ በ88 ፍሪኩዌንሲዎች ነበር፣ እንደ ፒያኖ ቁልፎች ብዛት።

ለምስል ያመጡት ብዙ ናቸው። መንገዱን የጠረገው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የእነ ኢንገማር ኮክስ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ምልክቱን ዓይን በማያየው ጥግ ይደብቅ ነበር፣ ለምሳሌ በመጨረሻው ቢት። እዚያ ያለውን ደግሞ ጄፔግ መጀመሪያ ይጠርገዋል። እነ ኮክስ ገለበጡት፦ ምስሉ በጣም የሚፈልጋቸው ቦታዎች ላይ አስቀምጡ አሉ። ትልልቆቹን 1,000 የዲሲቲ ቁጥሮች። አጥቂው እነዚያን ከነካ ምስሉን ራሱ ያበላሻል። ምልክቱን ከውዱ ነገር ጋር ማጣበቅ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ። ሁለት መንገድ እነግርሻለሁ። አንደኛው ምልክቱን በፉሪየር መጠን ላይ፣ ማለትም ሙሉ ምስሉ ወደ ሞገዶች ሲበተን በእያንዳንዱ ሞገድ ጉልበት ላይ፣ ማስቀመጥ ነው። ምስሉ ግራ ቀኝ ሲንሸራተት የፉሪየሩ ፌዝ (የሞገዶቹ መነሻ ቦታ) ይቀየራል እንጂ መጠኑ አይነካም። ከዚያ በሎግ ፖላር (ነጥቦችን ከመሃል ባላቸው ርቀትና አንግል በሚያስቀምጥ ካርታ) ብትገለብጪው መዞርና መስፋትም ወደ ተራ መንሸራተት ይቀየራሉ። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ስትሠሪው የኢንተርፖሌሽን (በፒክስሎች መሃል ያለውን ዋጋ የመገመት) ስህተት ያስለቅስሻል። ሁለተኛው አንዱን ምልክት እንደ ንጣፍ እየደጋገሙ ምስሉን መሸፈን ነው። ምስሉን ከራሱ ጋር ስታወዳድሪ ድግግሞሹ እንደ ነጠብጣብ ፍርግርግ ብቅ ይላል። ፍርግርጉ ስንት እንደዞረና ስንት እንደሰፋ ይነግርሻል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አንቺ የምታዪውን ፍርግርግ አጥቂውም ያየዋል።

#7 ድብቅ ቢት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ንጣፉን ዛሬውኑ ልሞክር ነው። ግማሽ ዲግሪው ግን አስፈራኝ።

#8 ተጠራጣሪው

ደስታችሁን ላደፍርስ። ይሄ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፋይሉ ከወጣ በኋላ "የኔ ነበር" ብትሉ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ የትኛው ነው ያልተሰበረው? እ.ኤ.አ. በ2000 የሙዚቃ ኢንዱስትሪው ኤስዲኤምአይ በሚለው ማኅበሩ አማካኝነት "ኑ፣ ዋተርማርኮቻችንን ስበሩ" ብሎ ውድድር ከፈተ። የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጠ። የፕሪንስተኑ ኤድዋርድ ፌልተንና ባልደረቦቹ አራቱንም ሰበርን አሉ። ጽሑፉን ሊያቀርቡ ሲሉ የክስ ማስፈራሪያ ደብዳቤ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 ጽሑፉን ከማቅረብ ተቆጠቡ። በመጨረሻ በዚያው ዓመት ነሐሴ በዩዝኒክስ የደህንነት ጉባኤ ላይ ቀረበ። ስተርማርክ የሚባለውን ፕሮግራምም አትርሱ። ምስሉን ዓይን በማያየው መጠን እዚህም እዚያም ያጣምመዋል፣ አለቀ። የድብቅ ቢት ጓደኛ በመቀስ የሠራውን በሶፍትዌር ይሠራዋል።

#9 አሮጌ ሲግናል

የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ኤስዲኤምአይ የፈለገው ምልክቱ እንደ በር ዘበኛ እንዲያገለግል ነበር። ማጫወቻው ምልክቱን አይቶ "ይህን አልጫወትም" እንዲል። ማጫወቻው ያለው ደግሞ በአጥቂው ቤት ነው። የፈለገውን ያህል ጊዜ እየሞከረ መልሱን ያያል። እንዲህ ያለ ቦታ ማንም አይቆምም።

ለክትትል ሲሆን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለኦስካር ድምፅ ሰጪዎች ከተላኩ የፊልም ቅጂዎች አንዱ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። እያንዳንዱ ቅጂ የየራሱ ምልክት ስለነበረው ለማን የተሰጠ እንደሆነ ታወቀ፣ አባሉም ከአካዳሚው ተባረረ። ያ ሰው ምልክቱን የሚፈትሽበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም። ጅቡ ሄዷል፣ እሺ። ዱካው ግን ቀረ።

#10 ቁጥር ወዳድ

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ምልክቱን ማጣት ብቻ አይደለም ስህተት፤ በሌለበት "አለ" ማለትም ስህተት ነው። ይሄኛው ሰው ያስከስሳል።

የቆየውን የፓችወርክ ዘዴ እንውሰድ። በቁልፉ 10,000 ጥንድ ፒክስሎች ትመርጣላችሁ። የአንዱን ብርሃን በ1 ከፍ፣ የጓደኛውን በ1 ዝቅ። ልዩነቶቹን ስትደምሩ ካልተነካ ምስል ዜሮ አካባቢ ትጠብቃላችሁ፣ ከተነካው 20,000። ጥሩ ይመስላል አይደል? ፒክስሎቹ ከ0 እስከ 255 እኩል የተበተኑ ናቸው ብንል ግን የዚያ ድምር ተፈጥሯዊ መዋዠቅ፣ አንድ ሲግማ የምንለው፣ 10,450 ገደማ ነው። 20,000 ማለት ሁለት ሲግማ እንኳ አልሞላም። በ2 ከፍ፣ በ2 ዝቅ ብታደርጉት 40,000፣ ወደ አራት ሲግማ ትጠጋላችሁ።

አራት ሲግማ ይበቃል? ከ100,000 ንጹህ ምስሎች 3 ገደማውን በሐሰት ይይዛል። አንድ ሚሊዮን ምስል የሚፈትሽ ሲስተም ከ30 በላይ ንጹህ ሰው ወነጀለ ማለት ነው። ስድስት ሲግማ ላይ ከቢሊዮን ወደ አንድ ይወርዳል። ድብቅ ቢት፣ ያንቺ ዲቴክተር "አለ" የሚለው ስንት ላይ ሲደርስ ነው?

#11 ድብቅ ቢት

ኧረ... በዓይኔ ግራፉን እያየሁ ነበር። ዛሬ አስተካክላለሁ። አመሰግናለሁ፣ አሳፈርከኝም።

#12 ካሜራ ያዥ

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሒሳቡ ላይ ጠፋችሁብኝ። የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት ፎቶዬን ሳይጠይቀኝ ማስታወቂያ ላይ አወጣው። ስጠይቃቸው "የኛ ነው፣ አረጋግጥ" አሉኝ። ፋይሉ ውስጥ የነበረው ስሜና ቀኑ፣ ሜታዳታ የምትሉት፣ ተጠርጎ ጠፍቷል። ይሄ የማይታይ ዋተርማርክ ቢኖረኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር ማለት ነው?

#13 ድብቅ ቢት

ያሳዝናል። ሜታዳታ ከፋይሉ ጋር ተለጥፎ ነው የሚሄደው፣ ስክሪንሾት ብቻ ይበቃዋል። ምልክቱ ፒክስሎቹ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የመትረፍ ዕድል ነበረው።

"ያበቃ ነበር" ግን አልልህም። መጀመሪያ ሳነበው ወንበሬ ላይ ቀጥ ያልኩበት ነገር አለ። ስኮት ክሬቨርና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው። አንዲት ፒክስል ብቻ እንይ። ኦሪጅናልህ 100 ነው። ምልክትህ +2 ነው፣ 102 አድርገህ አወጣህ። ሌባው 102ን ያገኛል። ምንም አይፍቅም። "የኔ ምልክት +1 ነው" ብሎ ይወስናል፣ ከ102 ላይ 1 ይቀንስና 101 የሚል ምስል ያስቀምጣል። ዳኛው ፊት "ኦሪጅናሌ ይኸው 101፣ ምልክቴን ስጨምርበት 102" ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው! ያንተም ልክ ነው። ይባስ ብሎ በሙሉ ምስሉ ላይ የሱን ምልክት ካንተ ኦሪጅናል ውስጥ ቢፈልጉት ይገኛል፤ ያንተም ከሱ ውስጥ። ሁለት ባለቤት፣ አንድ ፎቶ።

መፍትሔው ምልክቱ በዘፈቀደ የሚመረጥ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ከኦሪጅናሉ ሃሽ ይውጣ፤ ሃሽ ማለት ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር ነው። እንዲያ ከሆነ ሌባው ምልክቱን ለማወቅ መጀመሪያ ኦሪጅናል ያስፈልገዋል፣ ኦሪጅናሉን ለመፈብረክ ደግሞ ምልክቱ ያስፈልገዋል። በራሱ ይታሰራል። ሃሹን ቀድመህ ከነቀኑ ገለልተኛ ወገን ጋ ማስመዝገብ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሃል። የኢንክሪፕሽን ሰዎቹና እኛ የምንገናኘው እዚህ ጋ ነው። እስከዚያው የካሜራህን ጥሬ ፋይል አትሰርዝ።

#14 ካሜራ ያዥ

ጥሬውን ሰርዤዋለሁ። ቦታ ሞልቶብኝ።

#15 የሌሊት ወፍ

ውይ።

#16 ተጠራጣሪው

እሺ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ማሽን የጻፈውን መለየት ነው። ጽሑፍ ውስጥ ፒክስል የለም። ምን ላይ ልትደብቁ ነው?

#17 ቁጥር ወዳድ

ምርጫው ላይ። ጽሑፍ የሚያመነጨው የቋንቋ ሞዴል በእያንዳንዱ እርምጃ ቀጥሎ ሊመጡ ከሚችሉ ብዙ ቃላት አንዱን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 እነ ጆን ኪርሸንባወር ያቀረቡት ዘዴ ከቀደመው ቃል ተነስቶ የቃላት መዝገቡን በአረንጓዴና በቀይ ይከፍላል፣ ከዚያ አረንጓዴዎቹን በትንሹ ገፋ ያደርጋቸዋል። አንባቢው አያውቅም። ዝርዝሩን ማውጣት የሚችል ግን ይቆጥራል።

ግማሽ በግማሽ ከተከፈለ፣ 200 ቃል ባለው የሰው ጽሑፍ 100 ያህል አረንጓዴ ትጠብቃለህ፣ መዋዠቁ 7 ነው። 142 ካገኘህ ስድስት ሲግማ ገደማ ነው፣ አለቀ። በ20 ቃል ግን በዚያው መጠን 14 ብታገኝ ሁለት ሲግማም አይሞላም። ስለዚህ አጭር ጽሑፍ ላይ አይሠራም። ምርጫ የሌለበት ቦታም አይሠራም፦ "2 ሲደመር 2" ካልክ በኋላ ማን ሌላ ቃል ይመርጣል? ሰው በራሱ አባባል እንደ አዲስ ከጻፈውም ይሳሳል። ሲንትአይዲ የሚባለው የጉግል ዲፕማይንድ ዋተርማርክም በጽሑፍ በኩል የሚነካካው ይህንኑ የምርጫ ቦታ ነው፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል።

#18 ተጠራጣሪው

ምልክት ያልተደረገበት ሞዴል የሚጠቀምስ?

#19 ቁጥር ወዳድ

እሱን አይዝም። "ምልክት አለ" ማለት ይችላል፣ "ሰው ጻፈው" ማለት ግን አይችልም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ አስተማሪዎችን ጨምሮ።

#20 ጀማሪ

ሰላም፣ ለማስተርስ ርዕስ እየፈለግኩ ነው። የሕክምና ምስል ላይ ዋተርማርክ ልሥራ ብዬ ነበር። አማካሪዬ "ሐኪም የተነካካ ኤክስሬይ አይፈልግም" አሉኝ። ተዉት ማለታቸው ነው?

#21 አሮጌ ሲግናል

መንገዱን እያሳዩህ ነው እንጂ። የሚመለስ ዋተርማርክ የሚባል አለ። ምልክቱን ስታወጣው ምስሉ እስከ መጨረሻዋ ቢት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጁን ቲያን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን በእርሳስ ሥራው። ሁለት ጎረቤት ፒክስሎች፣ 103 እና 100። አማካዩ 101 (ግማሿን ጣላት)፣ ልዩነቱ 3። ልዩነቱን እጥፍ አድርገህ የምትደብቃትን ቢት ጨምር፦ 1 ከሆነች 7 ይሆናል። አማካዩን ሳትነካ ልዩነታቸው 7 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች፦ 105 እና 98። ስትመልስ ልዩነቱ 7፣ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ ቢቷ 1 ነበረች። የቀረውን ለሁለት ስትከፍለው 3። አማካዩ አሁንም 101። ተመልሰህ 103 እና 100 ታገኛለህ።

ይህ ዓይነቱ እንደ ድብቅ ቢት ምልክት ጠንካራ አይደለም፣ እንዲሆንም አይፈለግም። አንድ ሰው ምስሉን ከነካካው እንዲሰበርልህ ነው የምትፈልገው። ከ255 በላይ የሚያልፉትን ፒክስሎች እንዴት እንደምትይዝ ግን ቀድመህ አስብበት፤ ሰው ሁሉ የሚደናቀፈው እዚያ ነው።

#22 ጀማሪ

በእርሳስ ሠራሁት። ሠርቷል! አመሰግናለሁ ጋሼ።

#23 ድብቅ ቢት

ከአስር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ንጣፉን ሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን ፍርግርጉ አልታየኝም። ምስሉ ራሱ ከምልክቱ በላይ ስለሚጮህ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝን ምስል አለስልሼ፣ የለሰለሰውን ካልለሰለሰው ላይ ቀንሼ፣ የቀረውን ብቻ ከራሱ ጋር ሳወዳድር ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል አልኩ። መቁረጥ ከእንግዲህ አያስፈራኝም። አምስት ዓምድም ሆነ ሃምሳ ራሱ ያገኘዋል። መስፋትና መጥበብም እንደዚሁ። ግማሽ ዲግሪውን ያዘው፣ ሁለት ዲግሪውንም። የስተርማርክ ጥምዝምዝ ግን አሁንም ይጥለኛል፤ በየቦታው የተለያየ ስለሆነ አንድ ፍርግርግ አይበቃውም። መነሻ ወሰኑን ስድስት ሲግማ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ቁጥር ወዳድ ደስ ይበልህ። ሁለት የድሮ ውጤቶቼን ቀብሬያለሁ።

የጋሼን ማስጠንቀቂያም ሞከርኩት። ቁልፉን የማላውቅ አጥቂ ሆኜ ፍርግርጉን ብቻ ፈልጌ ነጠብጣቦቹን አጠፋሁ። ከሰዓት በኋላ ጀምሬ እስከ ማታ ድረስ ፈጀብኝ። ማለትም ለሌላ ሰው አንድ ቀን አይሞላም። ቀጣዩ ሥራዬ እሱ ነው።

ጓደኛዬ አሁን ፎቶ ከመላኩ በፊት "ልቁረጥ ወይስ ልተው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ቁረጥ እለዋለሁ።